«ታወርሰዋለች» ልክ ነው? (ስለ ተርብና ስለ ቫይረሷ)

የቡሬው፦ ስለ በቆሎ አገዳ ቆርቁር፣ አገዳውን ከውስጥ ስለሚበላው አባጨጓሬ፣ በተሰጠን ጽሑፍ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጥገኛዋ ተርብ እንቁላሏን አባጨጓሬው ውስጥ ስትጥል ቫይረስም ታወርሰዋለች።» ሰኞ ለገበሬዎች ማስረዳት አለብኝ። ገዳይ ነገር ውርስ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ወለተ ዲማ፦ ወንድሜ፣ ቫይረስ ራሱ ከግእዙ «ወረሰ» የወጣ ይመስለኛል። ሁለቱም የሚያልፍ ነገር ናቸው።

ባለቅኔው ከዋሸራ፦ እኅቴ፣ ድምፅ ስለተቀራረበ ዘር አይቆጠርም። ቫይረስ ላቲን ነው፤ መርዝ ማለት ነው፤ በግእዝ ሕምዝ። «ሕምዝ ትረጭበታለች» ቢባል ይቀናል።

የነፍሳት ተማሪ፦ የኔታ፣ ይቅርታዎን፤ ሕምዝ አይሆንም። የተርቧ መርዝ የራሱ ዕጢ አለው። ቫይረሱ የሚፈጠረው እንቁላል ቤቷና መውረጃ ቱቦው በሚገናኙበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሮዘራም የሚባሉ ተመራማሪ በአንዲት ተርብ እንቁላል ገጽ ላይ እንቁላሉን የሚከላከሉ ቅንጣቶች መኖራቸውን ጻፉ። በ1981 እነቪንሰንና ሰመርስ በሌላ ተርብ ሞከሩት፤ ከቫይረሱ ታጥቦ የገባውን እንቁላል የአባጨጓሬው የደም ሴሎች ከብበው ያፍኑታል፤ ከተጣራው ቫይረስ ጋር የገባው ግን ይተርፋል። ቫይረሱ አባጨጓሬው ውስጥ አይራባም። ዘረመሉ የተርቧ ዘረመል ውስጥ ሰፍሮ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል። በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ አገዳ ቆርቁርን የምታጠቃው ኮቴሲያ የምትባል የተርብ ወገን ቫይረስ የመጣው ኑዲቫይረስ ከሚባል ጥንታዊ ዘር እንደሆነ አሳየ፤ ተርቦቹ ውስጥ ከገባ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ወለተ ዲማ፦ እንግዲያ ጥገኛ ሆኖ ገብቶ ባለርስት ሆኗል! «ርስት»ም እኮ ከ«ወረሰ» ነው። ስለ ቫይረስ ብሳሳትም ስለ ውርሱ አልተሳሳትኩም።

ባለቅኔው ከዋሸራ፦ ይህን እቀበላለሁ። «ጥገኛ» ግን ለተርቧ አይሆንም። ከ«ጸግዐ» ነው፤ ጸጉር ጠጉር እንደሚባለው ጸ ወደ ጠ ዞሮ «ተጠጋ» ሆነ። በጎጃም የተጠጋ ሰው ያስጠጋውን ቤት ያገለግላል እንጂ ባለቤቱን ከውስጥ አይበላም።

የነፍሳት ተማሪ፦ መጻሕፍቱ «ጥገኛ» ብለው ለምደውታል፣ የኔታ።

ባለቅኔው ከዋሸራ፦ መልመድ ሌላ፣ መቅናት ሌላ ነው።

የቡሬው፦ የሰኞውስ? «ታወርሰዋለች» ልበል?

ወለተ ዲማ፦ ውርሱ የልጆቿ ነው፤ አባጨጓሬው አይወርስም፣ ይወረሳል።

ባለቅኔው ከዋሸራ፦ «ይወረሳል» መልካም ነው። ነገር ግን ንብረት የሚወረሰው ባለቤቱ በሕይወት እያለ ነው ወይስ ከሞተ በኋላ? አባጨጓሬው እኮ ገና በቆሎ እየበላ ነው።