የዞረው ማን ነው? ፕላኔቷ ወይስ ኮከቡ?

ዳግም፦ ዛሬ ሬዲዮ ላይ «ወደ ኋላ የሚዞሩ ፕላኔቶች የፕላኔት አፈጣጠር ንድፈ ሐሳብን አፈረሱት» ሲባል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ሌላ ኮከብ የምትዞረው ፕላኔት ዋስፕ-17ቢ በ2009 እ.ኤ.አ. ከተገኘች ጀምሮ ወሬው ይሄው ነው። ምኑ ነው የፈረሰው?

ሀኒ፦ ባይፈርስም ተናግቷል። ከጋዝና ከአቧራ ዲስክ የተወለደች ፕላኔት ኮከቡ በሚሽከረከርበት አቅጣጫ መዞር ነበረባት። የኛ ፀሐይ ሽክርክሪቷ ፕላኔቶቿ ከሚዞሩበት ጠለል ያጋደለው 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ዋስፕ-17ቢ ግን ተጣምማ ወደ ኋላ ትዞራለች።

ዳግም፦ «ተጣምማ» ያልሽው ላይ ነው ጠቤ። የተጣመመችው እሷ ናት ያለሽ ማነው?

የጎፋው፦ ቆይ፣ ኮከቡ የሚታየው እንደ ነጥብ ነው። እንዴት ነው የሚለካው?

ሀኒ፦ ኮከቡ ሲሽከረከር አንዱ ጎኑ ወደኛ ይመጣል፣ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሌላው ጎኑ ይሸሻል፣ ወደ ቀይ ያደላል። ፕላኔቷ መጀመሪያ የሚመጣውን ጎን ከጋረደች ኮከቡ ለጊዜው የሚሸሽ ይመስላል፤ ከዚያ ይገለበጣል። የሚሸሸውን ካስቀደመች ወደ ኋላ ናት ማለት ነው። ሮሲተርና ማክላፍሊን የተባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በ1924 በጥንድ ኮከቦች ላይ አሳዩት። ኬሎዝና ባልደረቦቹ በ2000 በፕላኔት ላይ ለኩት።

ዳግም፦ እሺ፣ ታዲያ የተለካው በፕላኔቷ መንገድና በኮከቡ ሽክርክሪት መካከል ያለው አንግል ነው። ማን እንደዞረ አይናገርም። ኬ2-290 የሚባለውን ኮከብ እዪ፣ ጥናቱ በ2021 የወጣውን። ሁለት ፕላኔቶች አንድ ጠለል ላይ ሆነው ከኮከቡ ሽክርክሪት 124 ዲግሪ ያህል አጋድለዋል። እንደምትሉት ጎረቤት ፕላኔት ወይም ኮከብ ገፍቷቸው ቢሆን ሁለቱም እኩል ይጣመሙ ነበር? ፕላኔቶቹ ሳይወለዱ፣ ገና ዲስክ ሳለ፣ ጓደኛ ኮከብ ዲስኩን ስቦ አጋድሎት ነው።

ሀኒ፦ በአንድ ምሳሌ ሁሉንም አትጠቅልል። ትኩስ ጁፒተሮች፣ ማለትም ኮከባቸውን በጣም ተጠግተው የሚዞሩ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔቶች፣ አብዛኞቹ ብቸኛ ናቸው። በብዛት የሚያጋድሉትም ከ6250 ኬልቪን (የሙቀት መለኪያ ነው) በላይ በሞቁ ኮከቦች ዙሪያ ያሉት ናቸው። ቀዝቀዝ ያሉት ኮከቦች ውጫዊ ንብርብራቸው ስለሚናጥ ፕላኔቷ በስበቷ ታስተካክላቸዋለች።

ዳግም፦ «ታስተካክላቸዋለች» ማንን? ኮከቦቹን! ይኸው በራስሽ አፍ ኮከብ ይዞራል አልሽ።

ሀኒ፦ ሲስተካከል አልኩ እንጂ ሲጣመም አላልኩም።

የጎፋው፦ «ትኩስ» የምንለው ለቡናና ለእንጀራ ነው። የጋለ ጁፒተር ብትሉስ?

ዳግም፦ ወንድሜ፣ ስሙ ይቆይ። ሀኒ፣ ዙሮ የሚስተካከል ኮከብ ዙሮ መጣመም የሚያቅተው ለምንድን ነው? እሱን መልሺልኝ።

ሀኒ፦ አንተም ዋስፕ-17ቢን መልስልኝ። ከሷ ጋር አብራ የተጣመመች እህት ፕላኔት የት አለች?