ፍሪጅ ውስጥ ያለው ምግብ ሳምንት ሳይሞላው ይበላሽብኛል፤ መላ በሉኝ

ገንዘብ ያዥዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቤቱን አስቤዛ የምገዛው በሳምንት አንዴ ነው። የገዛሁ ዕለት ፍሪጁ ጢም ይላል። ሳምንቱ ሳይጋመስ ግን ሰላጣው ይጠወልጋል፣ ካሮቱ ይልፈሰፈሳል፣ ወተቱ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቀን ቀድሞ ይኮመጥጣል። የተረፈ ምግብማ ከኋላ ተደብቆ ይቆይና ሻጋታ ለብሶ ይገኛል። የምጥለውን በገንዘብ ሳሰላው ያንገበግበኛል።

አየር የማያስገቡ የምግብ ዕቃዎች ልገዛ አስቤ ነበር። ሙሉ ስብስቡ ውድ ነው። ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለ? ፍሪጁ አሮጌ አይደለም። በደንብ ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል።

ፍሪጅ ጠጋኝ፦

እህቴ፣ "መብራቱም ይበራል" ያልሽው አሳቀኝ። አምፖሉ ስለ ቅዝቃዜው ምንም አይናገርም።

ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው። "ምግብ ያበላሽብኛል" ተብዬ ስጠራ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ዕቃዎቹ ይቆዩና መጀመሪያ ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ግዢ። ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቺና መሃል መደርደሪያ ላይ አሳድሪያት። ውሃው በሩ በተከፈተ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እንዳይል ያደርጋል። ጠዋት 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ማሳየት አለባት። እኔ ከ2 እስከ 4 ባለው ላይ ስትሆን ነው ደስ የሚለኝ፤ ከ0 በታች ከወረደች ቅጠሉን በረዶ ይመታዋል። ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ይሁን። 7 ወይም 8 ካየሽ የወተትሽ ምስጢር ተገኘ ማለት ነው። በዚያ ሙቀት የሚራባውን ባክቴሪያ የትኛውም ክዳን አያስቆመውም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ማስተካከያዋ ላይ ያሉት ከ1 እስከ 5 ወይም እስከ 7 የሚሄዱ ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም። በአብዛኞቹ ፍሪጆች ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይበረታል። "1 ዲግሪ ነው" ብሎ 1 ላይ ያደረጋት ሰው ስንቴ ጠርቶኛል!

ቀጥሎ የበሩ ጎማ። ወረቀት በሩ መሃል አድርገሽ ዝጊና ሳቢው። ሳይታገልሽ ሾልኮ ከወጣ ጎማው እዚያ ጋ አይገጥምም። ዙሪያውን በየቦታው ሞክሪ። ለመቀየር ግን አትቸኩዪ፤ አንዳንዴ የተጋገረበት ዘይትና ስኳር ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥበሽ እንደገና ሞክሪው። ከኋላው ወይም ከሥሩ ያለው ጥቁር ፍርግርግ አቧራ ከለበሰም ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። ሞተሩ ዕረፍት ያጣል፣ ቆጣሪውም ይሮጣል። ሶኬቱን ነቅለሽ በብሩሽ ጥረጊው።

"ጢም ይላል" ያልሽውንም አልወደድኩትም። ቀዝቃዛው አየር በዕቃዎቹ መካከል መዞር አለበት። አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ በድስት አትድፈኚው። ፍሪዘር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲሞላ ቅዝቃዜውን የበለጠ ይይዛል።

የወጥ ቤት ሰው፦

የጠጋኙ ምክር ልክ ነው። እኔ ለብዙ ሰው በሚበሰልበት ወጥ ቤት ስለምሠራ ስለ አትክልቱ ልጨምር። ቅጠልን የሚገድሉት ሁለት ናቸው፤ ላዩ ላይ የቀረ ውሃና ጎረቤቱ።

ሰላጣና ቆስጣ ከታጠቡ በደንብ ይድረቁ። ጊዜ ከሌለሽ አትጠቢያቸው፤ ልትበዪ ስትይ ታጥቢያለሽ። እንጆሪና መሰሎቹም እንዲሁ ሳይታጠቡ ይቀመጡ፤ እርጥብ ከሆኑ ሻጋታ ቶሎ ይይዛቸዋል። ቅጠሉን በደረቅ ንጹህ ጨርቅ ወይም በወጥ ቤት ወረቀት ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ ክተቺ። ፌስታሉን አጥብቀሽ አትቋጥሪው፤ ታፍኖ ይበሰብሳል። ወረቀቱ ሲረጥብ ቀይሪው።

የካሮት አናት ላይ ያለውን ቅጠል ገና ከገበያ እንደመጣሽ ቁረጪው፤ ከሥሩ ውሃ ይመጥጣል። የተልፈሰፈሰውንም አትጣዪ። ያጣው ውሃውን ነው እንጂ አልተበላሸም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ይነሣል። ድንብላልና ፐርስሜሎ ግንዳቸው ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይቁም፤ ከላይ ፌስታል ጣል አድርጊበትና ፍሪጅ ውስጥ አስገቢ።

ጎረቤት ያልኩት ደግሞ አፕል፣ የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶና ቲማቲም ነው። ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። አይታይም፣ አይሸትሽም። ቅጠሉን ግን ቢጫ ያደርገዋል፣ ካሮቱን ያመርረዋል። ሁለት መሳቢያ ካለሽ አንዱ ለፍራፍሬ፣ አንዱ ለቅጠል ይሁን። መሳቢያው ላይ የምትንሸራተት የአየር መክፈቻ ካለች ለቅጠሉ ዝጊያት፣ ለፍራፍሬው ክፈቻት።

ድንችና ሽንኩርት ፍሪጅ አያስፈልጋቸውም። ጨለማና አየር ያለበት ቦታ፣ ለየብቻ ይቀመጡ። ዳቦም ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። የማይደረስበትን ቆርጠሽ ፍሪዘር ውስጥ አድርጊው።

ገንዘብ ያዥዋ፦

ተባረኩ! ቴርሞሜትሩን ገዛሁ። መሃል መደርደሪያው 5፣ በሩ ግን 9 አሳየኝ። ወተቱ የሚቀመጠው እዚያው በሩ ላይ ነው። ግን እኮ ለጠርሙስ ተብሎ የተሠራ ቦታ ነው፣ አይደለም እንዴ? ሌላው ጥያቄ፦ የተረፈ ምግብ ካልሸተተኝ እበላዋለሁ። ልክ ነኝ?

ፍሪጅ ጠጋኝ፦

ለጠርሙስ ተሠራ እንጂ ለወተት አልተሠራም። በር የፍሪጁ ሞቃት ቦታ ነው። ካቻፕ፣ ሰናፍጭ፣ ማርማላታ እዚያ ይሁኑ። ወተቱን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ወደ ኋላ ግፊው። ማስተካከያዋን አንድ ደረጃ ጨምሪና በማግስቱ እንደገና አንብቢ።

አሽትቶ በሊ፦

ምንድነው ይሄ ሁሉ ቴርሞሜትር? አፍንጫ የተሰጠን ለምንድነው? ዕድሜ ልኬን አሽትቼ ነው የበላሁት፣ ይኸው አለሁ።

የምግብ ላብራቶሪ፦

በመኖርህ ደስ ብሎናል 😄 አፍንጫህ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርህ። ምግብ የሚያሸትቱትና የሚያለሰልሱት ጀርሞች አንድ ወገን ናቸው፤ ሰው የሚያሳምሙት ብዙዎቹ ሽታም ጣዕምም አይለውጡም። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ቀስ እያለ ይራባል። በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋውያን አደገኛ ነው።

ስለዚህ ጠያቂዋ፣ የበሰለ ምግብ ከ3 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይበላ። እንደማይበላ ካወቅሽ በመጀመሪያው ቀን ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። አራተኛው ቀን ላይ "እስቲ ላትርፈው" ብሎ ማስገባት ጥቅም የለውም። ፍሪዘር ባክቴሪያን ያስቆማል እንጂ አይገድልም፤ በረዶው ሲሟሟ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ጥሬ ዶሮና የተፈጨ ሥጋ 1 ወይም 2 ቀን፣ ያልተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ከ3 እስከ 5 ቀን ነው የሚቆየው። ጥሬ ሥጋ ምንጊዜም ከታች፣ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ይሁን። ደሙ የሚበላ ነገር ላይ መንጠብ የለበትም።

ከምድጃ የወረደ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ 1 ሰዓት ይበቃዋል። ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቺ፤ መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይወስዳል። ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍዪው። ይህ በተለይ ሩዝ ላይ ይሠራል። ውጭ ያደረ ሩዝ ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ ብታፈይውም አይጠፋም።

ሻጋታ ለያዘው፦ ጠንካራ ቺዝ ከሆነ በሻጋታው ዙሪያና ሥር 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጠሽ ጥለሽ ቀሪውን መብላት ይቻላል። ለስላሳ ቺዝ፣ እርጎ፣ ዳቦና የበሰለ ምግብ ከሆነ ግን ሁሉንም ጣዪው። በነዚህ ላይ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

የወጥ ቤት ሰው፦

ውዱን የዕቃ ስብስብ በተመለከተ፦ ተዪው። የማርማላታ ብልቃጥ አጥበሽ ተጠቀሚበት። ዋናው ከውጭ ማሳየቱ ነው። የማይታይ ምግብ ይረሳል፣ የተረሳ ደግሞ ይጣላል። እኛ ጋ ያለ ቀን ጽሑፍ ፍሪጅ የሚገባ ነገር የለም። ፕላስተርና እስክርቢቶ ይበቃሻል። አዲሱን ከኋላ፣ አሮጌውን ከፊት አድርጊ። ቶሎ መበላት ያለባቸውን በዓይን ትክክል ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ ትሪ ውስጥ ሰብስቢያቸው። የምታበስይውን ስትወስኚ መጀመሪያ ትሪዋን እያት።

ገንዘብ ያዥዋ፦

እሺ፣ ዕቃው ቀረ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ፍሪጅ ጠጋኝ፦

በሩን አትክፈቺ። የተዘጋ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ በግማሽ የሞላ እስከ 24 ሰዓት። ባዶ ቦታ ካለው ውሃ የያዙ ጠርሙሶች አስገቢበት፤ ውሃ ሲቀዘቅዝ ስለሚያብጥ ግን እስከ አፋቸው አትሙያቸው። መብራት ሲመጣ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ገና በረዶ ካለው ወይም 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ሥጋው ውሃ ያዝረከርክ ይሆናል እንጂ ይበላል።