መዝገቡን ማን ይሙላ? በጋራ ረቂቃችን አንቀጽ 2 ላይ

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ አባላት። የኩባንያ ገንዘብና የሎቢስቶች (ለአንድ ወገን ጥቅም ባለሥልጣናትን የሚወተውቱ ሰዎች) ውትወታ በመንግሥት ውሳኔ ላይ የሚያሳድሩትን ጫና በተመለከተ የምናቀርበው ረቂቅ እነሆ። አንቀጽ 2 አሁን እንዲህ ይላል፦ «ማንኛውም ወትዋች ተመዝግቦ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል።» እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ከሕግ ኮሚቴ፦ ወትዋች ማለት ማን እንደሆነ ካልተረጎምን አንቀጹ ወንፊት ነው። የብሪታንያ የ2014 ሕግ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚያስመዘግበው ለደንበኛ የሚወተውቱትን አማካሪዎች ነው፤ የኩባንያው የራሱ ሠራተኛ ሚኒስትሩን ቢያነጋግር አይመለከተውም። የአሜሪካው የ1995 ሕግም ለደንበኛው ከሚሠራበት ጊዜ 20 በመቶ የማይሞላውን ለውትወታ ያዋለን ሰው አያስመዘግብም።

አባል፦ እኔ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የመመሪያ ረቂቅ «አምራቹ የመግለጽ ግዴታ አለበት» ብሎ ከቢሯችን ወጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ «እንዲገልጽ ይበረታታል» ተብሎ ተመለሰ። ፋይሉን ገጽ በገጽ አገላበጥኩት፤ ቃለ ጉባኤ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ስብሰባ እንደነበር ያወቅሁት የአዳራሹ ቁልፍ መረከቢያ ደብተር ላይ ፊርማ አይቼ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ እባካችሁ ግዴታውን በወትዋቹ ላይ ብቻ አንጣለው። ማንን እንዳነጋገረ ባለሥልጣኑ ራሱ ይመዝግብ።

ከሕግ ኮሚቴ፦ እህቴ፣ ትክክል ነሽ። ቺሊ በ2014 ያወጣችው ሕግ ይህንኑ ያደርጋል፤ ባለሥልጣኑ ያነጋገራቸውን፣ ጉዞውንና የተቀበለውን ስጦታ መዝግቦ ለሕዝብ ይፋ ያወጣል።

ሌላ አባል፦ ገንዘቡስ? አሜሪካ በ2010 ኩባንያዎች ለምርጫ ዕጩ ያለ ገደብ እንዲሰጡ ስለፈቀደች፣ በረቂቃችን ኩባንያ ለዕጩ ስጦታ እንዳይሰጥ የሚያግደውን አጥብቀን እንጻፍ።

ከሕግ ኮሚቴ፦ እዚህ ላይ እንጠንቀቅ፣ ወንድሜ። ኩባንያ ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ መስጠት ከ1907 ጀምሮ እዚያ ክልክል ነው። የ2010ሩ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የፈቀደው ከዕጩው ጋር ሳይመካከሩ ለቅስቀሳ ያለ ገደብ ማውጣትን ነው። «ስጦታ ክልክል ነው» ብቻ ብለን ከተውነው ገንዘቡ በማስታወቂያ በኩል ይገባል። ፈረንሳይ በ1995፣ ብራዚል በ2015 የኩባንያ መዋጮን አግደዋል፤ የእኛ ግን የቅስቀሳ ወጪንም በስሙ ጠርቶ ይጨምር።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህን ሐሳብ ይዘን ቢሮ ለቢሮ ስንሄድ እኛስ ወትዋች አይደለንም?

ሰብሳቢ፦ ነን፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ እኛው እንመዝገብ። አንቀጽ 2 እንዲህ ይሁን፦ «ረቂቅ ሕግን ወይም መመሪያን በሚመለከት ከማንኛውም የውጭ አካል ጋር የተነጋገረ ባለሥልጣን ቀኑን፣ የተገኙትን ሰዎች ስምና የቀረበውን ጥያቄ መዝግቦ ይፋ ያደርጋል። ወትዋቹም፣ ተቀጣሪም ይሁን ማኅበር፣ ይመዘገባል።» የገንዘቡን አንቀጽ የሕግ ኮሚቴው እስከ ሰኞ ያስተካክል። እህታችንም የቁልፍ ደብተሩን ጉዳይ የቢሮውን ስም ሳትጠቅስ በግማሽ ገጽ ትጻፍልን፤ ከመግቢያው አስቀድመን እናስገባዋለን።