የተቃጠለች የዳርፉር መንደር፦ ቀኑን በነፃ የሳተላይት ምስል እንዴት ማጥበብ ይቻላል?

ታዛቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በምዕራብ ዳርፉር፣ ከኤል ጀኒና በስተደቡብ ስላለች መንደር የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ይዞራል፤ ጎጆዎች ሲነዱ ያሳያል። አንዱ ቻናል ጁን 2023 መጀመሪያ ላይ የሆነ ነው ይላል፣ ሌላው ወደ ወሩ መጨረሻ ይገፋዋል። የሚሸጠውን ምስል ለመግዛት አቅም የለኝም። ሴንቲኔልን (የአውሮፓን ነፃ የሳተላይት ምስል) ብከፍት ደመና ብቻ ነው። ቀኑን በነፃ መሣሪያ ማጥበብ ይቻላል? ነገ ለመርማሪ ቢሰጥ እንዲያገለግልስ ምን ማስቀመጥ አለብኝ?

ባንድ12፦
ወንድሜ፣ ኮፐርኒከስ ብራውዘር (የሴንቲኔል ምስል በነፃ የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ ሴንቲኔል-2ን ስትመርጥ የደመና ገደቡን 100 በመቶ አድርገው። ሰው 20 ወይም 30 ላይ ይተወውና "ምስል የለም" ብሎ ይሄዳል። መቶኛው የሚሰላው 100 በ100 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ሙሉ ቁራጭ ነው። ሰማዩ 80 በመቶ ተሸፍኖ መንደሯ ባለችበት በኩል ግን ክፍት ሊሆን ይችላል። በየ5 ቀኑ ያለውን ምስል አንድ በአንድ በዓይንህ እየው። የምትፈልገው ሁለት ምስል ነው፦ መንደሯ ደህና ሆና ለመጨረሻ ጊዜ የታየችበትና ተቃጥላ መጀመሪያ የታየችበት። ሪፖርትህ ላይ "በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል" ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ በላይ አትጨምርበት።

ባንድ የሚባለው ሳተላይቱ ለየብቻ የሚለካው የብርሃን ዓይነት ነው፤ ባንድ 12፣ 8ኤ እና 4ን በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቦታ አስገባ። በዚያ ቅንብር የሚነድ እሳት ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል፣ ያለቀው ጠቆር ይላል። በየመማሪያው የምታገኘውን የቃጠሎ መለኪያ (የባንድ 8 እና የባንድ 12 ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል) እዚህ ብዙ አትመነው። ለደን የተሠራ ነው። መንደር ውስጥ ያለው ባዶ አፈርና ደረቅ የሣር ክዳን ስለሆነ ሲቃጠል ቁጥሩ እምብዛም አይወርድም፤ ዝናቡ ገብቶ ሣር ሲበቅል ደግሞ ጭራሽ ከፍ ይልና ቃጠሎውን ይደብቅብሃል። ከባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ብታነጻጽር ይሻላል።

አንድ ጎጆ ስፋቱ 4 ወይም 5 ሜትር ነው፣ ፒክስሉ (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 10 ሜትር፣ በባንድ 12 እና 8ኤ ደግሞ 20 ሜትር። ለብቻው አይታይም፤ ሃምሳ ስልሳ ጎጆ አንድ ላይ ሲቃጠል ግን መንደሯ እንዳለ ትጠቁራለች። ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው የደመና ጥላ ነው፦ አጠገቡ ያንኑ ቅርጽ የያዘ ደመና ካለ ተወው። ሌላው ገበሬ ማሳ ለማዘጋጀት የሚለቀው እሳት ነው፤ እሱ ሜዳውን ይበላል። ማሳው ሳይነካ መንደሯ ብቻ ከጠቆረች ጉዳዩ ሌላ ነው። አትዘግይ ደግሞ፣ አመዱ በዝናብና በነፋስ ሲሄድ ጥቁረቱም አብሮ ይለቃል።

ሴንቲኔል-1 ራዳር ነው፣ በደመና ውስጥ ያያል ተብሎ ይመከራል። ለዚህ ሥራ አልመክርህም። በ2023 ከሁለቱ ሳተላይቶች የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለነበር አንድ ዓይነት ምስል የሚገኘው በየ12 ቀኑ ነው፤ የሣር ክዳን መቃጠልም በራዳር ላይ ለውጡ ትንሽ ነው።

ይልቅ የናሳን ፈርምስ (ሳተላይት ያየው እሳት በነጥብ የሚታይበት ካርታ) ክፈት። ቪአይአርኤስ የሚባለው ዳሳሽ ፒክስሉ 375 ሜትር ነው፤ ካርታው ላይ የምታየው ነጥብ የፒክስሉ መሃል ስለሆነ ከመንደሯ 150 ሜትር ወጣ ብሎ ቢያርፍ አይግረምህ። ሳተላይቶቹ የሚያልፉት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑም ከሌሊቱም 7፡30 አካባቢ ነው። የሣር ጎጆ ቶሎ ነዶ ያልቃል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተለኮሰ መንደር ቀን ላይ ሲያልፉ ቀዝቅዞ ሊጠብቃቸው ይችላል፣ ስለዚህ ነጥብ አለመኖሩ ምንም አያስተባብልም። ሰዓቱ የተጻፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ ለሱዳን 2 ሰዓት ጨምር።

ጥላ_ለኪ፦
ባንድ12 ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ቪዲዮው በእርግጥ የዚያች መንደር መሆኑ ካልተረጋገጠ ድካሙ ከንቱ ነው። ከቪዲዮው የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን አውጣ፦ መስጊድ፣ የውኃ ታንከር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ትልቅ ዛፍ፣ የወንዝ መታጠፊያ፣ የኮረብታ ጫፍ። ቢያንስ ሦስቱ በአቀማመጥም በቅደም ተከተልም ከጉግል ኧርዝ ፕሮ ጋር ይግጠሙ። በጃንዋሪ 2021 ትግራይ ውስጥ ማህበረ ዴጎ አጠገብ የተፈጸመው ግድያ ቦታው የታወቀው ቢቢሲ አፍሪካ አይ፣ ቤሊንግካትና ሲኤንኤን በቪዲዮዎቹ ውስጥ ያለውን የገደልና የተራራ መስመር ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ነው። ዳርፉር ሜዳ ላይ ከሆንክ ይህ ዕድል ስለሌለህ ዛፍ መቁጠር ነው።

የኤስሪ ዌይባክ ካርታ (የቆዩ የሳተላይት ምስሎች የሚታዩበት) ላይ የሚታየው ቀን ምስሉ የተለቀቀበት ነው። የተነሳበትን ለማወቅ ምስሉን ጠቅ አድርገህ ዝርዝሩን እይ። ይህን ባለማየት የተበላሸ ስንት ሥራ አለ!

ሳንካልክ (የፀሐይን አቅጣጫና ከፍታ የሚያሰላ ድረ ገጽ) ላይ ጥላ ለክተህ የጁንን መጀመሪያ ከመጨረሻው ልለይ ካልክ አይሆንም። በዚያ ወር ፀሐይ የሰሜን ጫፏ ላይ ስለሆነች ከፍታዋ እምብዛም አይለወጥም። ጥላው ሰዓቱን ይነግርሃል። በ13 ዲግሪ ሰሜን በጁን እኩለ ቀን ላይ ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው፤ 2 ሜትር ምሰሶ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጥላል። ሰሜንና ደቡብን የሚያምታታ ሰው ቪዲዮውን ገልብጦ ያነበዋል።

የኢትዮጵያን ጉዳይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ላክል፦ ምስክር የነገራችሁን የኢትዮጵያ ቀን ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ ያለውን ዓመት ተጠንቀቁ። የመራዊው ግድያ የተፈጸመው ጥር 20 ቀን 2016 ነው፣ ማለትም ጃንዋሪ 29 ቀን 2024። በ2013 ግን ጥር 20 ጃንዋሪ 28 ላይ ነበር የዋለው። በልማድ ያሰላ ሰው የተሳሳተ ቀን ምስል ይፈልጋል።

ሰነድ_ያዥ፦
ስለማስቀመጥ ለጠየቅከው፦ ቪዲዮውን ዛሬውኑ አውርደው፣ ቻናሉ ነገ ላይኖር ይችላል። የልጥፉን ሙሉ አድራሻ፣ የገጹን ስክሪንሾት፣ ያወረድክበትን ሰዓት በዩቲሲ መዝግብ። ፋይሉን ሳትከፍት ሳትቆርጥ የኤስኤችኤ-256 ሃሽ (ፋይሉ በትንሹ እንኳ ቢቀየር የሚለወጥ መለያ ቁጥር) አውጣለት (ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ ይበቃል)፣ በሁለት ቦታ አኑረው፣ ሥራህን በቅጂው ላይ ሥራ። ለዋትስአፕ ጓደኛ ልከህ መልሰህ ያገኘኸው ፋይል ተጨምቋል፤ ሃሹ አይገጥምም። የሳተላይት ምስሉንም ስክሪንሾት ብቻ አትያዝ፤ የምስሉን ሙሉ መለያ ስም ጻፍ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ከፍቶ ማየት አለበት። የተመድ ሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2020 ያወጣው የበርክሌይ ፕሮቶኮል ዝርዝሩን ይዟል።

ከማኅበራዊ ሚዲያ የመጣ ቪዲዮ ፍርድ ቤት አይደርስም የሚል ካለ፣ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በኦገስት 2017 በሊቢያዊው ማሕሙድ አል ወርፈሊ ላይ ያወጣውን የእስር ማዘዣ ያንብብ።

ታዛቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሜይ 31 ላይ ደህና፣ ጁን 15 ላይ ጥቁር አገኘሁ። የወሩ መጨረሻ የሚለው ወደቀ ማለት ነው?

ባንድ12፦
ጥቁረቱ የዚያችው መንደር ከሆነና ጥላ_ለኪ ያለው ከገጠመ፣ አዎ፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ቃጠሎ የመጀመሪያው መሆኑን ብቻ አጣራ። አንዳንድ መንደር ደጋግሞ ይቃጠላል። በቪዲዮው የሚነደው የትኛው ሠፈር ነው? ጁን 15 ላይ ያ ሠፈር ጠቁሯል ወይስ ሌላው ወገን? ከዚያ በታች ለማጥበብ ፕላኔት የተባለው ኩባንያ የ3 ሜትር ዕለታዊ ምስል ያስፈልጋል፤ የሚከፈልበት ስለሆነ ፈቃዱ ያለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት ጠይቅ።

ሰነድ_ያዥ፦
ማን እንዳቃጠለ ግን ከዚህ ምስል አታወጣም። በዩክሬኗ ቡቻ የማክሳር (የሳተላይት ኩባንያ) የ30 ሴንቲ ሜትር ምስል እንኳ የአንድ ሰው አካል በአምስት ስድስት ፒክስል ነበር የሚያሳየው። የረዳው ለቀኑ ነው፦ አስከሬኖቹ በማርች 2022 አጋማሽ፣ የሩሲያ ጦር ከተማዋን ሳይለቅ፣ ያብሉንስካ መንገድ ላይ እንደነበሩ አሳየ። ስለ ፈጻሚው ዩኒፎርም፣ የመኪና ምልክት፣ የድምፅ ቋንቋና ምስክር ነው የሚናገረው። ምስክሮች ካሉህ የተቀረጹበትን ቤትና ትክክለኛ ነጥብ በአደባባይ አትለጥፍ።