የንብ አለርጂ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወዴት መሄድ፣ ምንስ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ጓሯችን ውስጥም ቀፎ አለን። ባለቤቴን ከዚህ በፊት ንብ ሲነድፋት ከማበጥ አልፎ አያውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ንብ አንገቷ ላይ ነድፋት መላ ሰውነቷ በሽፍታ ተሸፈነ፤ ድምፅዋም ሻከረ። ለወደፊቱ የትኛውን የሕክምና ተቋም ትጠቁሙናላችሁ? ከፋርማሲስ ምን እንግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ፈጣሪ አተረፈልህ። ከተነደፈው ቦታ ርቆ መላ ሰውነትን ያዳረሰ ሽፍታ ከድምፅ መሻከር ጋር ሲመጣ ተራ የንድፊያ እብጠት አይባልም። የሚቀጥለው ንድፊያ ትንፋሽ ሊያሳጥርና የደም ግፊትን ሊጥል እንደሚችል አስባችሁ ተዘጋጁ።

ተቋማትን ስታወዳድሩ ዋናው መለኪያ የሕንፃው ትልቅነት ወይም የሐኪሙ ዝና ሳይሆን ለከባድ አለርጂ ዋናው መድኃኒት የሆነውን አድሬናሊን ፈጥኖ የሚወጋው ማን ነው የሚለው ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መገስገስ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ሆስፒታሉ ለአካባቢው ትልቅ አለኝታ ቢሆንም መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዳገትና ጥምዝምዝ ነው፤ ከባድ አለርጂ ደግሞ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ለእናንተ የማስቀድመው እዚያው ኮምቦልቻ ለቤታችሁ የቀረበውን፣ ሌሊትም የሚሠራውን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ነው፤ መርፌውን ካገኘች በኋላ ሪፈር ቢያስፈልግ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ትሄዳለች። ደሴ ከተማ ለሚኖር ሰው ግን የስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉን ድንገተኛ ክፍል አስቀድማለሁ።

የግል ክሊኒኮች ወረፋቸው አጭር መሆኑ ጥሩ ነው። ሆኖም ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ዴክሳሜታዞን ብቻ ወግቶ ወደ ቤት የሚሸኝ ክሊኒክ ለዚህ ሕመም አይሆንም፤ እነዚህ መድኃኒቶች ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈጅባቸው አድሬናሊንን አይተኩም። አድሬናሊን ለአዋቂ እስከ 0.5 ሚሊ ግራም በጭን ውጫዊ ጎን ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፤ ለውጥ ከሌለ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደገማል። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችልም ታማሚን አስተኝቶ የሚከታተል ቦታ ያስፈልጋል። ዛሬ ደህና ሳላችሁ ሄዳችሁ አድሬናሊን መኖሩን፣ ካርድ እስኪወጣ ሳይጠበቅ የሚሰጥ መሆኑንና ሌሊት ተረኛው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ከፋርማሲ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን የተባለ የአለርጂ እንክብል ግዙ። ሌሎቹ የአለርጂ መድኃኒቶች ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ስለሚያስተኙ ድካሙ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሕመሙ ለመለየት ያስቸግራሉ። የትኛውም እንክብል ቢሆን ማሳከክንና ሽፍታን ያስታግሣል እንጂ ጉሮሮ ሲዘጋ አይደርስም። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ፣ በሐኪም ማዘዣ የሚገኘውን የአድሬናሊን እስክሪብቶ (ታማሚው ራሱ የሚወጋው ዝግጁ መርፌ) እንዲያመጣ ጠይቁት። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቦታ ከነመያዣው ይቀመጥ፤ ፍሪጅ ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይሁን። በእስክሪብቶው ትንሽ መስኮት ሲታይ ፈሳሹ እንደ ውኃ የጠራ መሆን አለበት፤ ወደ ሮዝ ወይም ቡናማ ከተለወጠ በሌላ ይተካ።

አንቲባዮቲክ ለመግዛት አትቸኩሉ። እጁን የተነደፈ ሰው በማግስቱ እስከ ክርኑ ሲያብጥ አሞክሳሲሊን መዋጥ የተለመደ ሆኗል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጨምር እብጠት ግን ብዙውን ጊዜ ከአለርጂ እንጂ ከኢንፌክሽን የመጣ አይደለም። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶና ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ይበቃዋል።

ምርመራውን በተመለከተ፣ የቆዳም ሆነ የደም ምርመራ ከንድፊያው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ቢደረግ ውጤቱ ይበልጥ ይታመናል። «የአለርጂ ምርመራ» ተብሎ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የንብ መርዝን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፤ የአቧራና የምግብ ብቻ ከሆነ ለእናንተ አይጠቅምም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ስለሆነ ለማይለቅ ሽፍታ እጠቁመዋለሁ፤ ለድንገተኛ ንድፊያ ግን አቅራቢያችሁ ያለውን አልፋችሁ ወደዚያ አትሂዱ።

ተጨማሪ መልስ፦ ወንድማችን የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ በነርስነት ስለምሠራ ጥቂት ልጨምር። የንቧ መንደፊያ ቆዳ ላይ ከቀረ በጥፍርም ይሁን በሌላ ነገር ወዲያውኑ ይነቀል፤ ከአነቃቀሉ ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጣል። ራሷን ካዞራት በእግሯ አታስኬዷት፤ ባጃጅ ላይ ቀጥ ብላ ከምትቀመጥ እግሯን ከፍ አድርጋ የምትተኛበት መኪና ይሻላል። ትንፋሽ ካጠራት ግን ትቀመጥ። እንደ አቴኖሎል ያለ የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ የአድሬናሊኑን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ። ቀፎውን ደግሞ ከጓሮ አውጥታችሁ ከቤት ራቅ ወዳለ ቦታ ውሰዱት፤ ማር ሲቆረጥም እርሷ አትቅረብ።