አኒሜሽኑ ሲሮጥ ሪሞቱ አይነበብም (አርዱይኖ ናኖ፣ 16 በ16 ኤልኢዲ)

ሰላም። 256 ኤልኢዲ ያለው የደብሊውኤስ 2812ቢ ሰሌዳ ከአርዱይኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ጋር አገናኝቻለሁ። የሚራመድ ሰው ያሳያል፤ 4 ምስል እየተቀያየረ፣ ሰሌዳው በሰከንድ 25 ጊዜ ይታደሳል። ለቀለም ብቻ 768 ባይት ስለሚያዝ ከ2 ኪሎባይቱ ራም ብዙ አይተርፍም፤ ምስሎቹን ፕሮግራሙ በሚቀመጥበት ፍላሽ ሜሞሪ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት 10 አምፔር ነው፣ ብርሃኑም ከ255 ወደ 40 ዝቅ ብሏል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ለጊዜው ተዉት።

ችግሩ በኢንፍራሬድ ሪሞት ምስል መቀየር ላይ ነው። ሰሌዳው ሳይታደስ ሁሉም ቁልፍ በትክክል ይነበባል። አኒሜሽኑ ሲጀምር ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ የተሳሳተ ኮድ ይመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፋስትኤልኢዲ (ኤልኢዲዎቹን የማዝበት ላይብረሪ) ለ256 ኤልኢዲ ዳታ ሲልክ ለ7.7 ሚሊሰከንድ ያህል ኢንተራፕት (ናኖው የያዘውን ሥራ አቋርጦ የሪሞቱን ምልክት እንዲያነብ የሚያስችለውን ጥሪ) ይዘጋል። በኤንኢሲ (ሪሞቴ በሚጠቀመው የኮድ ዓይነት) አንድ መልእክት ደግሞ 67.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በየ40 ሚሊሰከንዱ እየታደሰ ሳይቆራረጥ ሊያልፍ አይችልም።

እድሳቱን በሰከንድ ወደ 10 ሳወርደው ከአራት አንዱ ያህል ያልፋል፣ እግሩ ግን ይንገጫገጫል። ከዚያ የሪሞቱን ምልክት የሚያነበው ተቀባይ ሥራ ላይ ከሆነ ዳታ ከመላክ በፊት እንዲጠብቅ አደረግኩ። ይህ በጣም ይሻላል፤ ሲጫን ለቅጽበት መቆሙም አያስከፋም። የቀረው፣ የመልእክቱ መነሻ የሆነው የ9 ሚሊሰከንድ ምልክት ዳታ በሚላክበት መሃል ሲገባ ነው፦ አጥሮ ስለሚለካ መልእክቱ በሙሉ ይጣላል።

ሁለተኛ ቦርድ ሳልጨምርና ከ25 ሳልወርድ፣ በናኖው ብቻ ይህን የተቆረጠ መነሻ እንዲቀበል ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?