ቻንትስ ኦፍ ሴናር፦ መልሱን ሳላይ እንዴት ልቀጥል?

ጥያቄ፤ ከ«አምሽቶ አዳሪ»

ሰላም ለሁላችሁ። የቪዲዮ ጨዋታ ከልጆቼ እጅ ስቀማ እንጂ ስጫወት ታይቼ የማላውቅ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ታናሽ ወንድሜ «ቻንትስ ኦፍ ሴናር» የተባለውን ጨዋታ ኮምፒውተሬ ላይ ጫነልኝና፣ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሲተኙ ጠብቄ በየሌሊቱ ከእሱ ጋር አመሻለሁ። በስሙ ውስጥ ያለችው «ሴናር» በዘፍጥረት ምዕራፍ 11 የባቢሎን ግንብ የተሠራባት የሰናዖር ምድር መሆኗ እንኳ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ጨዋታው ምንም አያስረዳም። ቆብ ያጠለቀ መንገደኛ በአንድ ትልቅ ግንብ ሥር ይነቃና፣ ቋንቋቸውን በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ይገባል፤ የምልክቶቻቸውን ትርጉም መገመት የተጫዋቹ ሥራ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ከአንድ እጀታ አጠገብ የተጻፉ ምልክቶችን ነበር፤ እጀታውን እያንቀሳቀስኩ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ አይቼ፣ «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «በር» ብዬ በልጄ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ግምቴ ትክክል መሆኑ ሲረጋገጥልኝ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

አሁን ግን ጦረኞቹ የሚኖሩበት ሁለተኛው ደረጃ ላይ አራት ሌሊት ቆምኩ። ኢንተርኔቱ መልስ ሞልቶበታል፤ እንደ ልጅነታችን እንቆቅልሽ አገር ሰጥቼ መልሱን መስማት ግን አልፈልግም። መልሱን ሳይሆን አካሄዱን የሚያሳየኝ ይኖራል?

መልስ፤ ከ«ፊደል ቆጣሪ»

መልሱን አለማየትዎ መልካም ነው፤ ይህን ጨዋታ ሰው ከልቡ የሚጫወተው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። አብዛኞቻችን እዚያ ደረጃ ላይ የተሰናከልነው የታችኛውን ሕዝብ ሰዋስው ይዘን በመውጣታችን ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሕዝብ ብዛትን የሚገልጸው ምልክቱን ደግሞ በመጻፍ ነው፤ ይህ «ትልቅ»ን «ትላልቅ»፣ «ረጅም»ን «ረጃጅም» ለምንል ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፣ እኔም ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጓደኞቼ ቀድሜ የደረስኩበት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛው ሕዝብ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ በግንቡ ያሉት አምስቱም ሕዝቦች እንደዚሁ። ሌላው፣ የእኛ ፊደል ድምፅን ሲይዝ እነዚህ ምልክቶች የሚይዙት ትርጉምን ስለሆነ፣ ለማንበብ ከመሞከር ይልቅ የትኞቹ ምልክቶች አንድ ዓይነት መስመር እንደሚጋሩ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመልከቱ።

መልስ፤ ከ«ጥርጥር»

ጨዋታውን ብወደውም ሙገሳው በዛ። በፈረንሳይዋ ቱሉዝ ከተማ ያለው ሩንዲስክ የተባለ ትንሽ ቡድን የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሥራ የሚደነቅ ነው፤ ከጠባቂዎች እየተደበቁ የሚያልፉበት ክፍል ግን ለእኔ አሰልቺ ነበር፣ ደግሞም ምልክትን ከሥዕል ጋር አዛምደን ግምታችንን የምናረጋግጥበት የጨዋታው ደብተር አንድ ገጽ ላይ ያሉት ሥዕሎች ጥቂት በመሆናቸው፣ ሳይገባው ምልክቶቹን እያቀያየረ የሚያልፍ ሰው አለ። «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» በተባለው ሌላ የምርመራ ጨዋታ ላይ፣ የ60 ሰዎችን ዕጣ ሲያጣሩ ሦስት በትክክል ካላገኙ ምንም አይረጋገጥልዎትም፤ ያ ጥብቅነት ይሻለኛል።

ለጥያቄዎ ግን አንድ ነገር ልበል፦ የአንድ ሕዝብ ስም ነው ብለው የጻፉትን ምልክት እንደገና ይመርምሩት። ጎረቤት ጎረቤቱን ሁልጊዜ በስሙ አይጠራም።

መልስ፤ ከ«የአክሱም ልጅ»

አቶ ጥርጥር ስለ መደበቁ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ስለ ደብተሩ ግን አልስማማም፣ እያቀያየረ የሚያልፍ ሰው የሚሰርቀው ከራሱ ነው። እኔ ጨዋታውን ስጫወት ትዝ ያለኝ አክሱም ያለው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ነው፤ አንዱ መልእክት በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል ስለ ተቀረጸበት፣ አንዱን የሚያውቅ ወደ ሌላው መግቢያ በር ያገኛል። የጎረቤታችን የሱዳን የጥንቱ የሜሮኤ መንግሥት ጽሑፍ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ድምፁ ሲነበብ ቆይቶ፣ አብዛኛው ትርጉሙ እስካሁን አልተፈታም። በዚህ ጨዋታ ውስጥ በአምስት ቋንቋዎች መካከል ያለውን በር ከፋቹ እርስዎ ነዎት፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የምለው ይገባዎታል፣ ከዚህ በላይ ብናገር አበላሽብዎታለሁ።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ያንን ምልክት ለሦስተኛ ጊዜ ሰርዤ፣ ጦረኛው ያን ቃል ሲናገር እጁን ወዴት እንደሚዘረጋ ተመለከትኩና ገባኝ፤ ለሌሎች ላለማበላሸት ቃሉን አልጽፈውም። ስም አልነበረም። የተናገረውን በሙሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ ሳነበው፣ እንዲያ የሚናገርባቸው ከታች ስጨዋወታቸው የከረምኩት ሰዎች ነበሩና ተከፋሁ።

አሁን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነኝ። የልጄ ደብተር ግን ለእርማት ሄዶ ኖሮ፣ መምህሯ ምልክቶቼ ባሉበት ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርገውበት ተመልሷል፤ ዛሬ የራሴን ደብተር ገዛሁ።